የማን ነሽ?

ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እኔና የእህቴ ልጅ ሳሎን ቁጭ ብለን ቴሌቪዥኑን ከፈትን። ውጭ ያካፋል። በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ላይ ከመሸ ከቤት አንወጣም፤ ኳስ የምናየው እቤት ነው። አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ላይ ግን ቀትር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስና የጀርመኑ ቦሩስያ ዶርትሙንድ ተሰልፈዋል። የዓለም ክለቦች ዋንጫ ነው።

ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የዶርትሙንድን ተጫዋቾች ካሜራው ሳይደርስባቸው ቀድሞ በስማቸው ይጠራቸዋል። ካሜራው ወደ ሰንዳውንስ ሲዞር ዝም አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝና፣ «አክስቴ፣ የማን ነሽ?» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ ነው። ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ በየቀኑ ይጠየቃል። የአርሴ ነህ? የማንቼ ነሽ? ይባላል፤ መልሱም በአንድ ቃል ያልቃል። እኔ ግን አፌ ተያዘ። ይህንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ ውድድር፣ በዚችው ከተማ፣ ከአሥራ አራት ዓመት ተኩል በፊት አንድ ሽማግሌ ጠይቀውኛል። ያን ቀን አልመለስኩላቸውም። ከዚያ ወዲህም የሐይቁን ዳር ይዤ በሄድኩ ቁጥር፣ ጀልባ ባየሁ ቁጥር፣ ጥያቄያቸው ይመጣብኛል።

ተንፏቃቂው በረኛ

ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ዶርም ቢኖረኝም ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዴም በአዘቦት ቀን፣ እቤት አድር ነበር። ቤታችን ከጣና ብዙ አይርቅም። ታላቅ ወንድሜ ኳስ የሚያይበት ዲኤስቲቪ ቤት ከእኛ በር ሦስት ደቂቃ አያስኬድም። ጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮ የለበሰ። አግዳሚዎቹ ከባሕር ዛፍ የተመቱ ናቸው፤ ብዙ ከተቀመጡባቸው ቀሚስ ይቀዳሉ። ሴት አትግባ የሚል ጽሑፍ የለም፤ ግን ሴት አትገባም። እኔ ወንድሜን ተከትዬ እገባለሁ። ባለቤቱ ለምዶኝ ስለነበር ሁልጊዜ ከግድግዳው ጥግ ቦታ ይይዝልኛል።

ያን ማክሰኞ ማታ ቤቱ አልሞላም ነበር። አሥራ አምስት ሰው ብንሆን ነው። የመጡትም አብዛኞቹ «ዛሬ ኢንተር አለ» ተብለው ነው። የሚላኑ ኢንተር መስሏቸዋል። ያን ማታ የሚጫወተው ግን የብራዚሉ ኢንተርናሲዮናል ነበር። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፎ ይህንኑ ዋንጫ የወሰደ ነው። ኳስ አዋቂ የተባለ ሁሉ ፍጻሜው የሁለት ኢንተሮች እንደሚሆን ተናግሮ ጨርሷል። ለዚያ የቀረው አንድ ትንሽ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ የብራዚሉ ኢንተር ቲፒ ማዜምቤ የሚባል የኮንጎ ቡድን ማለፍ አለበት።

ማዜምቤ ከሉቡምባሺ የመጣ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነው። ኮከባቸው ትሬዞር ምፑቱ በቅጣት ምክንያት አብሯቸው የለም። በሩብ ፍጻሜው የሜክሲኮውን ፓቹካን 1 ለ 0 ጥለው ነው እዚህ የደረሱት። እኛ ግን ያን ጨዋታ አላየነውም። ማን ያያል?

በ53ኛው ደቂቃ ካባንጉ አገባ። ቤቱ ውስጥ «እንዴ!» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ብራዚሎቹ ከዚያ በኋላ ደጋግመው መጡ፤ በረኛው ሮበርት ኪዲያባ ደጋግሞ መለሳቸው። ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ካሉዪቱካ ሁለተኛውን ጨመረ። ያኔ ነው ኪዲያባ ያን ነገር ያደረገው። ሣሩ ላይ በመቀመጫው ቁጭ አለ። እግሮቹን ዘረጋ። ከዚያ እጁን ሳያስነካ በመቀመጫው እየነጠረ ሜዳው ላይ ተንፏቀቀ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ከማጅራቱ ላይ ያንጠለጠላት ትንሽ የፀጉር ጉንጉን አብራው ትዘላለች።

ከፊት ለፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሰውና እህል ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልሱ ጀልባ ነጂ ናቸው። ኳስ አይወዱም። ማታ ማታ የሚመጡት ለሻዩና ለወሬው ነው። ስክሪኑን የሚያዩትም ሰው ሲጮህ ብቻ ነው። ያን ማታ ግን አንገታቸውን አስግገው፣ «ይኼ ሰውዬ ምን ሁኖ ነው እሚንፏቀቅ?» አሉ።

«ደስ ብሎት ነው፣ አባባ» አላቸው ወንድሜ።

«ደስ ሲለው ነው እንዲህ እሚሆን?»

«አዎ፣ አባባ። አሸነፉ እኮ። ለፍጻሜ አለፉ።»

ሳቁ። እርሳቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ሻያቸውን ጨርሰው ሲነሱ ባለቤቱን፣ «መቼ ነው ደሞ እሚጫወት?» ብለው ጠየቁት። ቅዳሜ ነው አላቸው።

ከአውሮፓና ከደቡብ አሜሪካ ውጭ የሆነ ክለብ የዚህ ውድድር ፍጻሜ ሲደርስ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ማታ ስንወጣ የማስበው ስለ ኤቶ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ማታ

ሳሙኤል ኤቶን የወደድኩት ባርሴሎና እያለ ነው። ፎቶውን ከጋዜጣ ቆርጬ የባዮሎጂ ደብተሬ ሽፋን ውስጥ ለጥፌ ነበር። ወደ ኢንተር ሲሄድ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ኢንተር ባየርንን 2 ለ 0 ረትቶ የአውሮፓን ዋንጫ ሲወስድ ከወንድሜ ጋር ተቃቅፈን ጮኸናል። አሥራ አንዱንም በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ ዡሊዮ ሴዛር፣ ማይኮን፣ ሉሲዮ፣ ዛኔቲ፣ ካምቢያሶ፣ ሚሊቶ እያልኩ። ከማዜምቤ የማውቀው አንድ ሰው ነው። እርሱንም በመንፏቀቁ።

ያን ቅዳሜ ታኅሣሥ 9 ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። በሩ ላይ የቆሙት ራሳቸው ከሃያ ይበልጣሉ። ሽማግሌው ግን ቀድመው መጥተው፣ ከፍለው፣ ከፊት ተቀምጠዋል። በኳስ ምክንያት ሲከፍሉ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ቡድኖቹ ሲገቡ፣ «ያ ተንፏቃቂው መጣ?» ብለው ጠየቁ። ኪዲያባ በስክሪኑ ሲታይ አንድ ልጅ አሳያቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

በ13ኛው ደቂቃ ፓንዴቭ አገባ። ጥቂት ሰው አጨበጨበ። አራት ደቂቃ አልሞላም፣ ኳሱ ለኤቶ ደረሰው።

ይህችን ቅጽበት ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ኳሱ መረቡን ሳይነካ ነው የተነሳሁት። የኤቶን ትከሻ አውቀዋለሁ። ሊመታ ሲል እንዴት እንደሚያዘነብል አውቃለሁ። ጮህኩ። እጄን ስወረውር ከፊቴ የተቀመጡትን ሽማግሌ ትከሻ መታሁ። ሻያቸው ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ዞር አሉ።

«ይቅርታ፣ አባባ! ይቅርታ!» አልኩ።

ሻዩን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት። አልተቆጡም። ግራ ገብቷቸዋል።

«ማነው ያገባው?»

«ኤቶ ነው፣ አባባ።»

«አገሩ ወዴት ነው?»

«ካሜሩን።»

«አፍሪካ ነው?»

«አዎ።»

«እነዝያስ?»

«እነርሱም አፍሪካ ናቸው። ኮንጎ። እርሱ ግን የሚጫወተው ለጣሊያን ክለብ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ዙሪያችን ሰው ይጮሃል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አንችስ የማን ነሽ?» አሉኝ።

«የኢንተር» ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። እርሳቸው የጠየቁኝ ኳስ ወዳዶች እንደሚጠያየቁት አልነበረም። እኛ አገር ሽማግሌ ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኝ «የማን ነሽ?» ይላል። የእገሌ ልጅ ነኝ ትያለሽ። እርሱም አያትሽን ይቆጥርልሻል፣ ሰፈርሽን ይነግርሻል፣ መርቆ ይሸኝሻል። ሽማግሌው የጠየቁኝ በዚያ ድምፅ ነው። መልሴን ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

የቀረው ያው ነው። በ85ኛው ደቂቃ ቢያቢያኒ ሦስተኛውን አገባ፤ 3 ለ 0 አለቀ። ኤቶ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሁለተኛው ምርጥ የማዜምቤው ካሉዪቱካ ነበር። ሽማግሌው ሽልማቱን አልጠበቁም። በሩ ላይ ለባለቤቱ፣ «ሰውየው ሳይንፏቀቅ ቀረ» ብለውት ወጡ።

እኔ እዚያው ቆምኩ። በደስታ መሞላት የነበረብኝ ቀን ነው። ውስጤ ግን ባዶ ሆነ።

የማያውቁት አገር

ለረጅም ጊዜ ጥፋተኝነት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ጥፋት አይደለም። ኤቶ ማንንም አልካደም። ከዱዋላ ተነስቶ ያለውን አንድ መሰላል ይዞ ወጣ። እርሱ ሲያገባ አንዲት የባሕር ዳር ልጅ ብትዘል ምን ነውር አለው? የእኛ ሰው ከሁሉም በላይ ሆኖ ሲታይ ነው የዘለልኩት። ይህን እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ያሳመመኝ ሌላ ነው። በሌላው ወገን የቆሙትን አሥራ አንድ ሰዎች አላየኋቸውም ነበር። ጎል እንዲገባባቸው የቆሙ ይመስል ነበር የማያቸው። ሽማግሌው፣ ኳስ የማያውቁት ሰው፣ ማክሰኞ ማታ አንዱን አይተው ወደዱት። ቅዳሜ ለርሱ ብለው መጡ። እኔ አዋቂዋ ግን ለማወቅም አልሞከርኩም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሉቡምባሺን እንዳላውቅ ያደረገኝ ማነው ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ማታ በኋላ ነው።

በሳምንቱ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ገባሁና ስለ ማዜምቤ ማንበብ ጀመርኩ። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ። ማዜምቤ እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1968 በተከታታይ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበር። በእነዚያው ሁለት ዓመታት «የዓለም ሻምፒዮን ክለብ» ለመባል የተጋጠሙት እነማን ናቸው? በ1967 የአርጀንቲናው ራሲንግ ከስኮትላንዱ ሴልቲክ። በ1968 የአርጀንቲናው ኤስቱዲያንቴስ ከማንቸስተር ዩናይትድ። ኢንተርኮንቲኔንታል ዋንጫ የሚባለው ከ1960 እስከ 2004 የሁለት አህጉር ጉዳይ ነበር። አውሮፓና ደቡብ አሜሪካ ይጋጠማሉ፤ አሸናፊው የዓለም ንጉሥ ይባላል። ሉቡምባሺ ያኔም ነበረች። ማንም አልጠራትም።

ያን ጊዜ እጅግ ተናደድኩ። ፊፋ በ2017 እ.ኤ.አ. የእነዚያን ዓመታት አሸናፊዎች በሙሉ የዓለም ሻምፒዮን ናቸው ብሎ ሲያጸድቅ ደግሞ ንዴቴ ተመለሰ። ብዙ ሰው ባልተጋበዘበት ድግስ ላይ «ሁሉም በልቷል» እንደማለት ሆነብኝ።

አፍሪካ በሩን ያገኘችው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ዓመት ብራዚል ላይ ስምንት ቡድን ሲጋበዝ የሞሮኮው ራጃ ካዛብላንካ አንዱ ነበር። ከ2005 እስከ 2023 ውድድሩ በየዓመቱ ነበር። እኔ ከማዜምቤ ወዲህ አንድም አላመለጠኝም። አውሮፓውያን ታኅሣሥ ላይ መንገድ አቋርጠው የሚጫወቱት አድካሚ ጨዋታ እንደሆነ ያማርሩ ነበር። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው እርሱን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 ያው ራጃ በአገሩ ሜዳ ለፍጻሜ ደረሰ። በግማሽ ፍጻሜው የሮናልዲኞን አትሌቲኮ ሚኔይሮ 3 ለ 1 ረታ። ፊሽካው እንደተነፋ የራጃ ልጆች ሮናልዲኞ ላይ ተረባረቡ። አቀፉት፣ ሳሙት፤ ጫማውን ሳይቀር ወሰዱበት። አሁን ያሸነፉት ሰው እኮ ነው! አንዳንዱ ተሳለቀባቸው። እኔ ግን አለቀስኩ። ቤቴ ውስጥ፣ ብቻዬን። እነዚያ ልጆች እንደኔው ናቸው። ሲያድጉ ፎቶውን ቆርጠው ደብተራቸው ላይ ለጥፈው ነበር። አሸንፈውትም ፍቅሩ አልለቀቃቸውም። የማን ናቸው? የራሳቸው ናቸው፤ የርሱም ናቸው።

ሁለት ጊዮርጊሶች

ስለ ማዜምቤ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አስደነቀኝ። ክለቡን በ1939 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የቤኔዲክት መነኮሳት ናቸው። ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ለተማሪዎቻቸው ብለው አቋቋሙት። የመጀመሪያ ስሙ ማን ነበር? ቅዱስ ጊዮርጊስ።

ባሕር ዳር ላይ ላደገ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ከሐይቁ ዳር የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ23 ሰፈሩ ነጭ ይለብሳል። በኳሱም የአገሪቱ ትልቁ ክለብ ጊዮርጊስ ነው። ሁለት ጊዮርጊሶች፣ አንዱ አራዳ፣ አንዱ ሉቡምባሺ፣ ሳይተዋወቁ ያደጉ።

ከዚያ መጋቢት 2008 ዓ.ም. ላይ ተገናኙ። የት? እዚሁ፣ ባሕር ዳር ስታዲየም። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የኛው ጊዮርጊስ ከማዜምቤ ጋር ደረሰው፤ ጨዋታውም ወደ እኛ ከተማ መጣ። ማዜምቤ የዓመቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነው። ከሦስት ወር በፊት ጃፓን ኦሳካ ላይ በዚሁ በክለቦች ዋንጫ ተጫውቷል፤ በሂሮሺማው ቡድን 3 ለ 0 ተሸንፎ ነው የተመለሰው። ያ ቡድን አሁን ዘንባባ በተተከለበት መንገዳችን በአውቶቡስ ሊያልፍ ነው።

የጨዋታው ዕለት ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሽማግሌውን ፈለግሁ። «አባባ፣ ማዜምቤ መጣልዎት፤ ይምጡ አብረን እንይ» ልላቸው ነው። የሚቀመጡበት ቦታ ላይ አንድ ወጣት ገመድ ይጠቀልላል። ጀልባውን ለርሱ ትተው ልጃቸው ጋ ዘጌ እንደገቡ ነገረኝ። ደህና ናቸው አለኝ። ቆሜ ውኃውን አየሁ። አንድ ታንኳ አሣ ጭኖ ወደ ዳር ይመጣል። ለርሳቸው ልነግራቸው የነበረውን ሁለተኛ ነገር አስታወስኩ፤ ተንፏቃቂው ጓንቱን ሰቅሏል፤ አልመጣም።

ስታዲየም ገባሁ። ባጃጁ ሁሉ ወደዚያ ነበር የሚሮጠው። ያን ቀን ባሕር ዳር በሙሉ የጊዮርጊስ ነበር፤ እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። በአንድ ወቅት አንድ የማዜምቤ ተጫዋች ወደ ውጭ የወጣ ኳስ ሊወረውር ከፊታችን መጣ። አሥር ሜትር አይርቅም። ኳሱን በመለያው ጠረገ። መለያው ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ትንፋሹን ሲስብ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከፍታችን ሳይከብደው አልቀረም። ግንባሩ ላይ ላቡ ቁልቁል ሲወርድ አየሁ። ይህ መለያ ኢንተርን ገጥሟል፣ ይህ መለያ ኦሳካ ደርሷል እያልኩ ነበር። አሁን እኛን ፈርቶ ያልበዋል።

2 ለ 2 አለቀ። በመልሱ ሉቡምባሺ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ድምር ውጤቱ 3 ለ 2።

አንድ ጎል። በእኛና በአፍሪካ ሻምፒዮን መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ጎል ነበር። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አያወራም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ዲኤስቲቪ ቤቶቹ ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

መሰላሉ እዚሁ ደጃችን ላይ ይጀምራል፤ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው። ሊጉን ያሸነፈ ወደ አፍሪካ ይገባል፣ አፍሪካን ያሸነፈ ከዓለም ጋር ይጋጠማል። በ2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከተማ፣ የጣና ሞገዶቻችን፣ ሊጉን ሁለተኛ ሆነው ጨርሰው የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ገቡ። የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጣሉ። ግን «በሜዳቸው» የተጫወቱት አዲስ አበባ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት የባሕር ዳር ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት አላሟላም ተብሎ ታግዶ ነበር። ሞገዶቹ ከሐይቃቸው ርቀው ተጫወቱ። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

እንደገና ሰኔ 14

«አክስቴ፣ የማን ነሽ?» ብሏል ልጁ። መልሴን ይጠብቃል።

«የሰንዳውንስ» አልኩት።

«ይሸነፋሉ እኮ።»

«ሊሆን ይችላል።»

ይህ የአሁኑ ውድድር ተለውጧል። ሠላሳ ሁለት ክለብ፣ አንድ ወር ሙሉ፣ አሜሪካ ላይ። ከአፍሪካ አራት ገብተዋል፤ አል አህሊ፣ ዋይዳድ፣ ኤስፔራንስና ሰንዳውንስ። የዶርትሙንድ ተቀያሪዎች ሙቀቱን ፈርተው የመጀመሪያውን አጋማሽ መልበሻ ክፍል ሆነው ነው ያዩት። ልጁ ባዶውን ወንበር ሲያይ ሳቀ።

በ11ኛው ደቂቃ ሉካስ ሪቤሮ ከመሃል ሜዳ አካባቢ ኳሱን ይዞ ተነሳ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ቀጥታ ገባ፣ አገባ። ሁለታችንም ተነሳን። ልጁ መነሳቱን ያወቀው ከተነሳ በኋላ ነው።

«ማነው ይኼ?»

«ሪቤሮ።»

«ደቡብ አፍሪካዊ ነው?»

«ብራዚላዊ ነው።»

አሰበ። እኔም አሰብኩ። ያኔ አፍሪካዊው ለጣሊያን አፍሪካ ላይ ያገባ ነበር። ዛሬ ብራዚላዊው ለአፍሪካ ጀርመን ላይ አገባ። ብዙም ሳይቆይ የሰንዳውንሱ በረኛ ሮንዌን ዊሊያምስ ኳስ ሲያቀብል ተሳሳተ፤ ንሜቻ አቻ አደረገ። በ34ኛው ደቂቃ ጊራሲ ሁለተኛውን ጨመረ። ልጁ ሲዘል ጉልበቱ ጠረጴዛውን መታው፤ ብርጭቆው ተንገዳገደ፤ ያዝኩት። ጊራሲ የጊኒ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ነው። ልጁ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጮሃል፤ ፊቱ በርቷል።

አፌ ላይ መጣ። የማን ነህ? ልለው ነበር። በዚያ ድምፅ።

አላልኩትም። እኔን የጠየቁኝ ሽማግሌ መብት ነበራቸው፤ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ነው። እኔ ብጠይቀው ኖሮ ደስታውን ለመቀማት ይሆን ነበር። በዚያ ፈንታ የሌላኛውን ወገን ስም እነግረው ጀመር። ይኼ ሬይነርስ ነው። ይኼ ሙዳው ነው። ይኼ በረኛው ዊሊያምስ፣ የደቡብ አፍሪካ ካፒቴን ነው። ቡድኑ ከፕሪቶሪያ ነው፤ ባለፈው ኡልሳንን 1 ለ 0 አሸንፏል። ቆይቶ ራሱ መጠየቅ ጀመረ።

4 ለ 1 ሆነ። ያለቀ መሰለ። ሬይነርስ አንድ መለሰ። በ90ኛው ደቂቃ ሞቲባ ሦስተኛውን አገባ። 4 ለ 3። ልጁ ቆሟል። ለማን እንደቆመ አላውቅም፤ የሚያውቅም አልመሰለኝም። ፊሽካው ሲነፋ ቁጭ አለ።

«ቀጣዩ ከማን ጋር ነው?»

«ረቡዕ ከፍሉሚኔንሴ።»

«ያን ቀን እኔም የሰንዳውንስ ነኝ» አለ።

ረቡዕ ጨዋታው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር የጀመረው። እናቱ ተኛ ብትለውም እምቢ አለ። ዓይኑን እያሸ እስከ መጨረሻው አየ። 0 ለ 0 አለቀ። ሰንዳውንስ በአራት ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ወደቀ። ሌሎቹ ሦስቱም የአፍሪካ ቡድኖች ከምድባቸው አላለፉም። ዋንጫውን በኋላ ቼልሲ ፒኤስጂን 3 ለ 0 አሸንፎ ወሰደው፤ የሰፈሩ የቼልሲ ልጆችም ሰነበቱበት።

ሐሙስ ጠዋት ልጁ ወጥ ቤት መጣ። እንጀራ እየቆረስኩ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አክስቴ፣ በረኛቸው ስሙ ማን ነበር?» አለኝ።

«ዊሊያምስ።»

«ትናንት ጎል አልገባበትም» አለ። ቁራሹን ተቀብሎኝ ወደ ውጭ ወጣ።